ያልረገጥኩት ዐሥረኛ ነጥብ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ነበር። በወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት በቀያሽነት ስቀጠር ወንበር የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነው። የቡድን መሪዬ አቶ ደምሴ እግሬን አየት አደረጉና፣ «ቦቲ የለሽም?» አሉኝ። የለኝም አልኩ። «እንግዲያ ዲላ ገበያ ሂጂና ግዢ። የዛሬው ሥራሽ እሱ ነው።»

በዚያ ቦቲ ብዙ ዳገት ወጣሁ። ጌዴኦ ውስጥ መሬት መለካት ገላጣ ሜዳ እንደ መለካት አይደለም። ቡናውም እንሰቱም ትልልቅ ዛፍ ሥር ነው ያለው። ጂፒኤሱ ቅጠል ሥር ሲገባ ይዋልላል፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ቆሞ መጠበቅ ነው። የአቶ ደምሴ ደንብ ደግሞ አንድ ነበር፤ ሁለቱ ጎረቤቶች መጥተው ወሰኑን በእጃቸው ካላሳዩ ነጥብ አይያዝም። አንዱ ከቀረ ሥራው ለሌላ ቀን ያድራል። ስንቴ በዝናብ ባዶ እጃችንን ተመለስን! በልቤ ሰውዬውን እየረገምኳቸው እመለስ ነበር።

ከኋላዬ የመጡ ልጆች ዲግሪ ይዘው በደረጃ ሲያልፉኝ አንገበገበኝ። እኔ የነበረኝ ዲፕሎማ ነው። በኮምፒዩተር ካርታ መሥራት ለሚያስተምረው ለጂአይኤስ ዲግሪ በኦንላይን ተመዘገብኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፔን ተሸክሜ ዲላ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካለ ኢንተርኔት ቤት እቀመጣለሁ። ኔትወርክ ሲቆረጥ አስተማሪው አፉን እንደ ከፈተ ይቀራል፤ እኔም እስክሪብቶዬን እንደ ያዝኩ። ትምህርቱ ግን ጥሩ ነበር፤ ጥፋቴን በሱ አላላክክም። የራሴን ወረዳ በሳተላይት ምስል ያየሁ ዕለትማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዳገት የለ፣ ጭቃ የለ፣ የሚቀር ጎረቤት የለ።

ለመመረቂያ ሥራዬ ከፍስሐ ገነት በላይ ያለች አንዲት ቀበሌ መረጥኩ። ለቢሮውም ስለሚጠቅም አቶ ደምሴ ፈቀዱልኝ። የይዞታዎቹን ወሰን ከምስሉ ላይ አሰመርኩ። ከዚያ ከተሰመረው ወሰን ዐሥር ነጥብ መርጦ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ በጂፒኤስ ማመሳከር ግዴታ ነበር። ዘጠኙ ጋ ሄድኩ። ዐሥረኛው ከወንዝ ማዶ ነበር። ዝናቡ አላባራ አለ። ሞተረኛው፣ «እህቴ፣ ከዚህ ወዲያ ሞተሬን አልነዳም» አለኝ። ማስረከቢያው በማግስቱ ነው። ቦቲ አድርጌያለሁ እኮ! በእግር ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢወስድብኝ ነው። ተመለስኩ።

ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የዐሥረኛውን ነጥብ ቁጥር ከዚያው ከምስሉ ቀዳሁት። በቦታው የተለካ እንዲመስል የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ነካካሁ። «በአካል የተረጋገጡ ነጥቦች፣ ዐሥር» ብዬ ጻፍኩ። ውጤቱ ሲመጣ አስተማሪው ከወረቀቱ ግርጌ፣ «ከሁሉም ይበልጥ ትክክለኛው ዐሥረኛው ነጥብ ነው» የሚል አስተያየት አስፍሯል። ያኔ ሳቅኩ። ዛሬ ሳስታውሰው ያመኛል።

አቶ ደምሴ ኮሩብኝ። «የኛ ልጅ የሠራችው ነው» እያሉ ካርታውን ለኃላፊዎች አሳዩ። የይዞታ ደብተር በሱ መሠረት እንዲሰጥ ተወሰነና፣ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ካርታው ቀበሌው ግቢ ተለጠፈ።

እማማ በየነች የመጡት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ዐሥረኛው ነጥብ የሳቸውና የጎረቤታቸው የአቶ ጅግሶ ወሰን ላይ ነበር። ካርታውን ጠጋ ብለው፣ ራቅ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ እኔ ይሄን አላውቅበትም። አንቺ ቦታው ድረስ መጥተሽ አይተሻል?»

አቶ ደምሴ አጠገቤ ቆመዋል። «አዎ፣ እማማ» አልኩ።

«ምነው ታዲያ ቤት ሳትገቢ? ቆጮ እንኳ ሳትቀምሺ?»

«ቸኩዬ ነው።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። አቶ ጅግሶም ፈረሙ።

አቶ ጅግሶ በሕይወት ሳሉ ደብተሩን ከሣጥን ያወጣው የለም፤ ሁለቱም ወሰናቸውን ያውቁታል። እሳቸው ሲያርፉ ግን ልጃቸው ታሪኩ ደብተሩን አወጣና በካርታው ልክ አጥር አጠረ። የእማማ በየነች አቤቱታ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ የይዞታውን ቁጥር ገና ሳየው አወቅኩት። ወንዙን የተሻገርኩት ያን ጊዜ ነው።

ከላይ ሳየው ወሰን የመሰለኝ የአንድ ትልቅ ዋንዛ የቅርንጫፍ ጠርዝ ነበር። ዋንዛው የእማማ በየነች ነው። እውነተኛው ወሰን ከዛፉ ዐሥራ አንድ እርምጃ ወዲያ፣ በታሪኩ በኩል ነው፤ ለምልክት የተተከሉት ተክሎች ረድፋቸውን ይዘው ቆመዋል። በመካከል የነበረው የሳቸው እንሰት ተነቅሏል።

ታሪኩን ልቆጣው አስቤ ነበር። እሱ ግን በትሕትና፣ «እህቴ፣ እኔ አልቀማሁም። እናንተ በሰጣችሁን ወረቀት ነው ያጠርኩት። ማኅተሙም የናንተው ነው» አለኝ።

እማማ በየነች ደጅ ስደርስ ውሻቸው ጮኸብኝ። ወጥተው ያዙልኝ። «ያን ጊዜ አልመጣሁም ነበር፤ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ይሄ ውሻ ሳይጮህበት በዚህ የሚያልፍ ሰው የለም። ግን አዎ ስትዪኝ፣ የተማረች ልጅ ናት፣ ከላይ ሆና አይታው ይሆናል አልኩ።»

ያን ቀን ግቢ አላሉኝም።

ጥፋቱ የኔ መሆኑን ጽፌ ፈረምኩ። ወሰኑ ተስተካከለ፤ እኔም ከደረጃዬ ዝቅ ተደረግኩ፣ ይገባኛል። እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ እማማ በየነችም አርጅተዋል። ሁለቱ ቤቶች እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። ጡረታ የወጡት አቶ ደምሴ ዲላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቁኛል። ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም።

አሁን ጀማሪ ቀያሾችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ጂአይኤስ ተማሩ እላቸዋለሁ፤ በኦንላይንም ቢሆን ተማሩ። ያኔ ዘጠኝ ብዬ ብጽፍ ጥቂት ማርክ ይቀነስብኝ ነበር እንጂ ዲግሪውን አልከለከልም ነበር። ዘጠኝ ነጥብ ረግጣችሁ ከሆነ ዘጠኝ ብላችሁ ጻፉ።