እሳቴን አታጥፉብኝ!

ትናንት ረፋድ ላይ፣ እዚሁ ጎባ፣ በገዛ ግቢዬ እሳት ለኩሼ ማጥፋት አቃተኝ... እሳቱ በርትቶብኝ አይደለም። ጎረቤት አላስጠጋ ብሎኝ ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። በቀደም ሽሮ ጥጄ እንቅልፍ ጣለኝና ድስቱ ከሰለ። ድስት ነው የከሰለው፣ ቤት አይደለም! ልጄ ስንዱ ግን ይህንኑ ሰምታ ከሮቤ አይሱዙ ይዛ መጣች... አልጋዬንም እኔንም ጭና ልትወስድ።

«ከዚህ ቤት የምወጣው ስሞት ነው» አልኳት።

«ሲቃጠሉ ነው እንጂ!»

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ፣ አምና ገዝታልኝ ዳንቴል አልብሼ ከቴሌቪዥኑ ጎን ያቆምኩትን ቀይ እሳት ማጥፊያ አወጣች።

«እሺ አባዬ፣ በዚህ እሳት አጥፍተው ካሳዩኝ ይቀራሉ። ካልቻሉ ይጫናሉ።»

አሠራሩን ነገረችኝ። ቀለበቷን መንቀል፣ ጎማውን ወደ ነበልባሉ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ እጀታውን ጨምቆ ግራና ቀኝ ማዳረስ። ነፋሱን ደግሞ በጀርባ ማድረግ። እኔ ንባቤ እስከዚህም ነው፤ ግን የተለጠፈበት ሥዕልም ያንኑ ነው የሚለው። ሥዕል ማን ይከለክለኛል?

ገለባ ከምሬ ለኮስኩ። ቀለበቷን ገና ስፈልግ ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ ጭሱን አየች።

«ያ ረቢ! ኢቢዳ! እሳት!»

አንድ ባልዲ የልብስ እጣቢ በአጥሩ ላይ መጣ። እሳቱም ጠፋ፣ እኔም ራስኩ።

«እሳቴን ማን አጥፊ አለሽ?»

«ኦቦ ተሰማ፣ አበዱ እንዴ? ቤትዎ ሊነድ ነበር እኮ!»

«ፈተና ላይ ነኝ!»

ልብሴን ሳልቀይር ደረቅ ገለባ አምጥቼ እንደገና ለኮስኩ። አሁን ደግሞ የአይሱዙው ሾፌር ከጋቢናው የራሱን ትንሽ እሳት ማጥፊያ መዞ ሮጦ ገባና... ፉሽሽሽ!

«አንተን ምን አገባህ?»

«አባባ፣ እሳት እያየሁ ልቁም?»

ስንዱ እጇን አጣምራ «በቃ፣ አልጋውን ጫን» አለችው፤ ጫነውም።

ደሜ ፈላ። «አንድም ሰው እንዳይነካብኝ!» አልኩና የቀረኝን ገለባ ሁሉ ከምሬ ለኮስኩ። አዴ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ፣ ጄሪካን ይዞ የሚሮጠውን ሁሉ ትመልስ ጀመር።

«አትግቡ! የኦቦ ተሰማ እሳት ነው! ራሳቸው ናቸው የሚያጠፉት!»

ቀለበቷ ግን አልነቀል አለች። ለካ እጀታውን ጨምቄ ይዤ ነው የምስባት፤ ከተጨመቀ ደግሞ አትወጣም። በዚህ መሀል ነፋስ ተነሳና እሳቱ አጥሩን ያዘ... ከአጥሩ ማዶ የአዴ ዘይነባ የድርቆሽ ክምር አለ። ፈተናነቱ እዚያ ላይ አበቃ።

«አባዬ!» ስንዱ ጮኸች።

ቀና ስል ያ ሁሉ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ ጄሪካኑን ታቅፎ ቆሟል። አንድ ሰው አይነቃነቅም... አትንኩ ተብለዋላ!

እጄን ላላ ሳደርግ ቀለበቷ ወጣች። ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ ነጩን ዱቄት ከሥሩ ግራና ቀኝ ለቀቅኩበት። ጭጭ አለ። ዱቄቱ ሲረግፍ አጥሩ ማዶ የቆመው ሕዝብ በሙሉ ከወፍጮ ቤት የወጣ መሰለ።

ስንዱ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ እሳት ማጥፊያውን ነቀነቀችው።

«አልፈዋል አባዬ። ግን ባዶ ሆኗል፤ ሮቤ ሄዶ መሞላት አለበት።»

«ይሂዳ!»

አልጋዬን አወረዱልኝ። አይሱዙው ያቺን ቀይ ዕቃ ብቻ ጭኖ ሄደ... ከሁለታችን አንዳችን ሮቤ መጫናችን ካልቀረ፣ እሷ ትጫን።