«ዘጠና ስምንት ነሽ»

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነበር። ደረቅና የሚያበሳጭ ሳል። ፒያሳ ያለችው የጨርቅ ሱቄ አቧራ አታጣምና ብዙም አላሰብኩበትም። ከዚያ ትኩሳቱ ተከተለ። ጤና ጣቢያ «ኒሞኒያ ነው» ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። «ትንፋሽ ካጠረሽ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ» አሉኝ።

ባለቤቴ ማቴዎስ ማሽን ይወዳል። የዚያኑ ዕለት ፐልስ ኦክሲሜትር ገዝቶ መጣ፤ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ ተይዞ የደምን ኦክስጅን የሚለካ ትንሽ ዕቃ ነው። ሻጩ «ከዘጠና አምስት በላይ ከሆነ ሰላም ነው» ብሎታል። መመሪያው ከነካርቶኑ ተጣለ።

ትንፋሽ አጠረኝ። ነገርኩት። ከግርጌዬ ተቀምጦ ጣቴን አየ።

«ዘጠና ስምንት ነሽ!» አለ። የራሱንም ለካ። «እኔ እንኳ ዘጠና ስድስት ነኝ፤ ትበልጪኛለሽ እኮ!»

ሊጠይቁኝ የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ከግርጌዬ ቆመው ጣቴን እያዩ «ጌታ ይመስገን» አሉ። ደረቴን ያየ የለም። ተናደድኩ። ለመጮህ ግን አየር ያስፈልጋል። «ጭንቀት ነው» ሲሉኝ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። አንዴ ስልሳ ስምንት አለ። ማቴዎስ «ባትሪው ነው» ብሎ ቀየረው። ቆይቶ እንደገና ዘጠና ስምንት።

ከንፈሬ ጠቆረ። ያኔ ደነገጠ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደኝ።

«ዶክተር፣ ኦክስጅኗ ግን ዘጠና ስምንት ነው» አላት ሐኪሟን።

ከራስጌዬ ቆማ ጣቴ ላይ ወዳለው ዕቃ ጎንበስ አለች። «ሰማንያ ስድስት ነው የሚለው። እርስዎ ከየት ሆነው ነው የሚያነቡት?»

86 ብላችሁ ጻፉና ወረቀቱን ገልብጡት። 98 ይሆናል። ስልሳ ስምንት ያለውም ሰማንያ ዘጠኝ ኖሯል። የማቴዎስ 96 ደግሞ ቢገለበጥም ያው 96 ነው፤ ስህተቱ በእሱ ጣት አይታወቅም። ከቁጥሩ አጠገብ ያሉት ፊደላት ግን ሁልጊዜ ተዘቅዝቀው ነበር። ፊደሉን ማን ያየዋል?

«ብትቆዩ ኖሮ ላናተርፋት እንችል ነበር» አለች ሐኪሟ።

ኦክስጅን ተደርጎልኝ፣ መድኃኒቱ በደም ሥር እየገባልኝ፣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ይዤ እስከ መስኮቱ መሄድ ቻልኩ። ቤት ስገባ ማቴዎስ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ እያመጣ ሾርባ ሲሠራልኝ ሰነበተ፤ እኔም እየጠጣሁ እቆጣዋለሁ፤ ቁጣዬም እንደ ሳሉ ቀስ እያለ ለቀቀኝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን ለቀቀኝ አልልም።

ታማሚ የምታስታምሙ፣ ዕቃውን አትጣሉት፤ ይጠቅማል። ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ እወቁ አልላችሁም። ራስጌውና ግርጌው የቱ እንደሆነ ግን እወቁ፣ ፊደሉንም እዩ። ታማሚው «አልቻልኩም» እያለ ማሽኑ «ደህና ነው» ካለ፣ ታማሚውን አምናችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ጎንበስ ብላ ያየችልኝን ያቺን ሐኪም እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

በቀደም ሲያስለኝ ማቴዎስ እጁን ዕቃው ወዳለበት መሳቢያ ሰደደ። ከዚያ መለሰውና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ትንፋሽሽ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።

አመነኝ።