የሦስተኛው ሰገነት ጭብጨባ

ክሊም ሳቪች ሰው አያምንም ነበር። የቲያትር ቤቱ ቡፌ ሻጭ ቋሊማ ስትቆርጥለት ፊቷን ሳይሆን ቢላዋዋን ነው የሚያየው። የኦርኬስትራው መሪ ሙዚቃውን ያዘገመ እንደሆነ «ጠጥቶ መጥቷል» ይላል፤ ያፈጠነ እንደሆነ ደግሞ «ዛሬ የሚቸኩልበት ቤት አለው» ይላል። በክረምቱ ትዕይንት ከመድረኩ ጣሪያ የሚወርደው የወረቀት በረዶ በየጊዜው እየተጠረገ ተመልሶ የሚበተን መሆኑንም ደርሶበታል። አንድ ጊዜ ከበረዶው ጋር ጥቁር የካፖርት ቁልፍ ወርዶ በሚጨፍሩት ልጃገረዶች እግር መካከል ሲንከባለል በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ በረዶው መውረድ ሲጀምር ሌላው ሰው «እሰይ!» ሲል እሱ ቀጥሎ ምን እንደሚወድቅ ይጠባበቃል።

እንዲህም ሆኖ በቮልጋ ዳር ባለችው ከተማችን ውስጥ እንደ እሱ ባሌት የሚያዘወትር ሰው አልነበረም።

ወደዚያ ቤት ያስገባውም ጥርጣሬው ራሱ ነው። በዳቦ ፋብሪካው ምድጃ ላይ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ለአዲስ ዓመት የሠራተኛ ማኅበሩ ለየሰው ቋሊማ፣ የታሸገ ዓሣና ብርቱካን ያድል ነበር። ታዲያ ዕቃውን የሚወስድ ሰው ማንም የማይፈልገውን የባሌት ትኬት አብሮ መውሰድ ነበረበት። ጓደኞቹ ትኬቱን ቀድደው ጣሉ። ክሊም ግን «ማን ሄደ፣ ማን ቀረ ብለው ሳይቆጣጠሩ አይቀሩም» ብሎ ጠረጠረና ካፖርቱን ለብሶ ሄደ። ትኬቱ የሦስተኛው ሰገነት ነበር፤ ከጣሪያው ሥር፣ በግራው ምሰሶ አጠገብ።

የዚያን ዕለት አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች፣ ብቻዋን እየተሽከረከረች ስትመጣ እግሯ ከዳትና በጉልበቷ ወደቀች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ታች አንድ ሰው ሳቀ። ልጅቷ ተነሣች፤ ነጩ ሱሪዋ ጉልበቷ ላይ እየቀላ ጭፈራዋን ከተወችበት ቀጠለች። ክሊም በባሌት መቼ እንደሚጨበጨብ የነገረው ሰው የለም። በፋብሪካው ግን ምድጃ ያቃጠለው ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ምን እንደሚደረግለት ያውቃል። እነዚያን አካፋ የለመዱ መዳፎቹን እያላተመ፣ በዝግታ፣ ብቻውን አጨበጨበላት። ድምፁ በር የሚደበድቡ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እሱም አላቆመም።

ልጅቷ ታይሲያ ኦዜሮቫ ትባላለች። ክሊም ከዚያ በኋላ እሷ የምትሠራበትን ባሌት አልፎት አያውቅም፤ ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ስሟ በትልቁ ተጽፎ አያውቅም፤ የሙሽራይቱ ጓደኛ፣ የንግሥቲቱ አጃቢ፣ እንዲህ ያለውን ነው የምትሠራው። ክሊም ግን ከላይ ሆኖ የጫማዋን ኮቴ እንኳ ይለያል። የሌሎቹ ጫማ እንጨቱን ይቀጠቅጠዋል፤ የእሷ ግን ድመት ከአልጋ እንደምትወርደው ነው። ሲስቁ ሳቃቸው እውነት ይሁን የታዘዘ እየተጠራጠረ ሌሎቹን ሁሉ ሲመረምር፣ እሷን ብቻ መርምሮ አያውቅም።

ሌላም ልማድ ነበረው። በእኛ ቲያትር ቤት የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ከካፖርት ማስቀመጫው የተከራየ ሰው፣ መነጽሩን ሲመልስ ሳይሰለፍ ካፖርቱን ይቀበላል። ክሊም ሁልጊዜ ይከራያል። ነገር ግን መነጽሩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይረሳዋል እንጂ ወደ ዓይኑ አያነሣውም፤ የሚከራየው ትራሙ እንዳያመልጠው ብሎ ነው። «በሰው መስታወት የሚታይ ነገር አላምንም» ይላል።

«እንግዲያው ጣሪያውን በባዶ ዓይንህ እያየህ ኑር» ትለዋለች ካፖርት ተቀባይዋ ፔላጌያ። የዕድሜ እኩያው ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ። ካፖርት ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ የታችኛውን አዳራሽ በር የምትጠብቀውም እሷው ናት።

በሰገነቱ ላይ ክሊም አንድ ጠላት ነበረው፤ ቪኬንቲ ይባላል። ሹል ጫማ የሚያደርግ፣ ጸጉሩን በዘይት የሚያስተኛ ወጣት ነው፤ ሥራው ማጨብጨብ ነው። ለአንዳንድ ጨፋሪዎች እሱና ጓደኞቹ ከላይ ሆነው «ብራቮ!» እያሉ ይጮሁላቸዋል። ጨፋሪዎቹም ራሳቸው በሚገቡበት በኋላው በር በኩል ነጻ ትኬት ይልኩላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ትኬቱን ደጅ ላይ ይሸጡታል። ይህን የማያውቅ የሰገነት ደንበኛ የለም። ነጻ ትኬት ማለት የመዳፍ ዋጋ ማለት ነው።

«አባባ ክሊም፣ እነዚህ እጆችዎ እኮ ሀብት ናቸው» ይለዋል ቪኬንቲ፣ ማጨሻው ክፍል ሲገናኙ። «አንዱ የእርስዎ የእኛን አምስት ያህላል። ለዚያች አሮጊት በከንቱ ያባክኗቸዋል።»

«አሮጊት ያልካት በእናትህ ዕድሜ አይደለችም።»

«ለጨፋሪ አሮጊት ናት። እግሯ ከወገቧ አይነሣም። በኅዳር የሠራችውን አላዩም? ተንገዳግዳ ነበር። ከእኛ ጋር ይሁኑ ነው የምልዎት፤ ሐሙስ አዲሷ ልጅ ትሠራለች፣ ቤቱን እናነቃንቀዋለን።»

«እናንተ ቤቱን አነቃንቁ። እኔ ከምሰሶዬ ሥር ነኝ።»

«እስቲ እናያለን» አለ ቪኬንቲ እየሣቀ።

ይህ «እስቲ እናያለን» ክሊምን እንቅልፍ ነሣው። ታይሲያ ላይ አንድ ነገር አስበዋል አለ። ስትጨፍር ሊያስሉ ይሆናል፣ እግራቸውን ሊጎትቱ ይሆናል። ተመልካች እንዲህ ከተሳለቀባት ደግሞ ኃላፊዎቹ የሚፈልጉትን ምክንያት አገኙ ማለት ነው፤ ያባርሯታል።

ሐሙስ ማታ ካፖርቱን ለፔላጌያ ሲሰጣት እሷ ዓይኗን ሳታነሣ «በትኬት መስኮቱ የተቀመጠልህ ፖስታ አለ» አለችው።

«ከማን?»

«አልናገርም።»

«ለምን አትናገሪም?»

«አልናገርም አልኩህ! ሂድና ተቀበል፤ ቦምብ አይደለም።»

አባባሏም አላማረውም፣ ደስ ደስ ማለቷም አላማረው። ወደ መስኮቱ ሄደ። ፖስታው ላይ ስም የለም፤ «ለሦስተኛው ሰገነት፣ ለግራው ምሰሶ» ብቻ ይላል። ውስጡ አንድ ትኬት አለ፤ የታችኛው አዳራሽ፣ አራተኛ ረድፍ፣ መሐል ላይ። የከተማው ሹማምንት የሚቀመጡበት ቦታ ነው።

«ማን አመጣው?» ሲል መስኮቷ ላይ ያለችውን ሴት ጠየቃት።

«ከኋላ በር ነው የመጣው፤ ከጨፋሪዎቹ ዘንድ።»

አሁን ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ከኋላ በር! በቪኬንቲ መንገድ! አዲሷ ልጅ መዳፉን ልትገዛው ነው። ወይም ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ዛሬ ማታ ከምሰሶው ሊያርቁት ነው። እሱ ታች በቬልቬት ላይ ተቀምጦ ሲንፈላሰስ፣ ላይ የታይሲያን ጭፈራ በሳል ሊያበላሹባት ነው። ትኬቱን ወደ ፖስታው መልሶ በመስኮቱ አሾለከው።

«ለላከው መልሺለት። መዳፌ አይሸጥም ብሏል በይ።»

«አያቴ፣ አራተኛ ረድፍ እኮ ነው!»

«አይቻለሁ። ማንበብ እችላለሁ።»

ደረጃውን እየቆጠረ ወጣና እንደ ዘበኛ ምሰሶው ሥር ቆመ። ቪኬንቲና ጓደኞቹ በቀኝ በኩል ተደርድረዋል። ክሊም ዓይኑን ከእነሱ አልነቀለም። የመጀመሪያው ክፍል እንዴት እንዳለፈ አላወቀም፤ አዲሷ ልጅ ስትዘልል እነ ቪኬንቲ ጮኹ፣ ፉጨትም ነበር፣ የፈለጉትን አደረጉ። አንዱ ከኪሱ መሐረብ ሲያወጣ ክሊም «ጀመሩ» ብሎ ወደ እነሱ ተራመደ። ልጁ አፍንጫውን ተናፍጦ መሐረቡን መለሰው።

በሁለተኛው ክፍል ታይሲያ ፋኖስ ይዛ ወጣች። ባሌቱ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅና ስለ እጮኛው ነው፤ ታይሲያ ባሏ ከባሕር ያልተመለሰላትን ሴት ሆና፣ በባሕሩ ዳር ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ብቻዋን የምትጨፍርበት አጭር ቦታ አላት። ክሊም ትንፋሹን ይዞ ሳል ጠበቀ። የሚያስል የለም። ቪኬንቲ ያዛጋል። ይህ ጸጥታ ክሊምን ይበልጥ አስጠረጠረው። «እንግዲያው ተንኮሉ ታች ነው» ብሎ አሰበ፤ «እኔ የተውኩት ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ ልይ።» በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አነሣ።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በአራተኛው ረድፍ መሐል ግን አንድ ወንበር ባዶውን ነው።

ከባዶው ወንበር መነጽሩን ወደ መድረኩ አዞረ፤ የታይሲያም ፊት ድንገት አፍንጫው ሥር መጣ። ከቅቡ በታች ያለውን ሽብሽብ አየ። በዚህ ቦታ ፋኖሷን ይዛ ሩቅ፣ ወደ ባሕሩ ማየት እንዳለባት ክሊም በቃሉ ያውቃል። እሷ ግን ታች ነበር የምታየው፤ ወደ አራተኛው ረድፍ፣ ወደ ባዶው ወንበር። አንድ ጊዜ አየች፣ ዞረች፣ ተመልሳም አየች። ሰው እንግዳ ጠርቶ በሩ ሳይንኳኳ ሲቀር ፊቱ እንደሚሆነው ፊቷ ሆነ።

ጭፈራዋ ሲያልቅ መዳፎቹ እንደ ልማዳቸው ራሳቸው ጀመሩ። ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች። መነጽሩ በአንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክሊም ማጨብጨቡን ትቶ እንደገና አነሣው። ዓይኖቿ ወደ ሰገነቱ ተተክለው በጨለማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ የሚያርፉበት ግን አላገኙም።

በዕረፍቱ ሰዓት ክሊም በደረጃው ሰውን እየገፋ ወረደ። ፔላጌያ የታችኛው አዳራሽ በር ላይ ቆማለች።

«ያ ትኬት የማን ነበር?»

«አሁን ነው የሚጠየቀው?»

«ፔላጌያ፣ አታድርቂኝ!»

«የታይሲያ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል? ዛሬ መጨረሻዋ ነው፤ ጡረታ ወጥታለች። ኃላፊው ስንብት የሚደረገው ለትልልቆቹ ብቻ ነው ብሏታል። ስለዚህ ዝም ብላ ልትሄድ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ደግሞስ ብነግርህ ታምነኝ ነበር? ሻይ የጋበዝኩህ ጊዜ ስኳሩን አሽትተህ እኮ ነው የጨመርከው።»

ክሊም የመነጽሩን ማንጠልጠያ በጣቱ ጠቀለለ።

«ከመድረኩ ላይ ሰገነቱ አይታይም አለችኝ» አለች ፔላጌያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ። «መብራቱ ዓይን ይይዛል፤ ከላይ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። እጅህን ታውቃለች፣ ፊትህን አታውቅም። ስምህን እንኳ አልጠየቀችም። የወደቅሁ ቀን ያጨበጨበልኝ ሰውዬ እስከ ዛሬ አለ፤ አንድ ቀን ብርሃኑ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥና ልየው ነው ያለችው። አንተ ደግሞ መዳፌ አይሸጥም ብለህ ላክህላት።»

«ደረሳት?»

«አልደረሳትም። የመስኮቷ ልጅ ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔም ዋጥኩት። ወንበሩንም ለሌላ ልትሸጠው ስትል ከልክያታለሁ።»

«ትኬት የለኝም» አለ ክሊም።

«እኔ በዚህ በር ያለ ትኬት ሰው አስገብቼ አላውቅም» አለችና ፔላጌያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አሁንም ማንንም አላየሁም። ቶሎ በል እንጂ!»

በአራተኛው ረድፍ የተቀመጡት ሰዎች ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ፣ የሳሳውን የሹራቡን ክርን እያዩ አሳለፉት። ክሊም ከመቀመጡ በፊት ከልማዱ የተነሣ ወንበሩን በእጁ ዳሰሰ፤ ምንም የለበትም። ተቀመጠ። ከዚህ ቦታ ሁሉ ነገር ሌላ ነው። የጨፋሪዎቹ ትንፋሽ ይሰማል፣ የፊታቸው ላብ ያንጸባርቃል፣ መድረኩ አቧራ አቧራ ይሸታል። ከላይ ሆኖ ያየው የነበረው፣ እግሮቹ ወለሉ ላይ የሚሥሉት ሥዕል ሁሉ ጠፋበት። ታይሲያ በሦስተኛው ክፍል ከሠርገኞቹ አንዷ ሆና ከኋላ ረድፍ ቆማ ነበር፤ ወደ ታች አላየችም። ቀድማ አይታ ተስፋ ቆርጣለች።

መጋረጃው ወረደና እንደገና ተነሣ። እነ ቪኬንቲ ከላይ የአዲሷን ልጅ ስም እየጠሩ ይጮኻሉ። ጨፋሪዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ፊት መጡ፤ ታይሲያ በረድፉ ጫፍ ላይ ናት። ክሊም ለማጨብጨብ እጆቹን ሲያነሣ እንደ እንግዳ ዕቃ ከበዱት። እዚህ ብርሃን ውስጥ ሰው ያየዋል። «ያን ያህል ጠብቃ ይሄ ነው ወይ ብትልስ?» የሚል ጥርጣሬ ያዘው፤ በዕድሜው ሁሉ ራሱን ጠርጥሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ መታ። አንድ፣ በዝግታ። ደግሞ መታ።

ታይሲያ መጀመሪያ ያየችው ወደ ሰገነቱ ነው፤ ልማዷ ነውና። ከዚያ ፊቷን አወረደች። አራተኛውን ረድፍ ፈለገች፣ አገኘችውም። ላፍታ ተጠራጠረች፤ ምናልባት ጭብጨባው ከሰውዬው ይተልቅ ነበር። እጆቹን አየች። ቀጥላ የጓደኛዋን እጅ ለቀቀችና ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወጥታ፣ ያንን አንድ ጊዜ የደማ ጉልበቷን እስከ ወለሉ አጥፋ ሰገደች። ኃላፊው ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳለ አይታወቅም። ክሊም ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ካፖርት ማስቀመጫው ጋ ረጅም ሰልፍ ነበር። ፔላጌያ መነጽሩን ተቀብላ በእጇ መዘነችው።

«ዛሬ ሞቋል። ና ቅደም፣ መብትህ ነው፤ ትራሙ ያመልጥሃል።»

«ያምልጠኝ። እሰለፋለሁ» አለና ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ።

ቪኬንቲ ከፊቱ ነበር። ዞሮ አየውና ፈገግ አለ።

«አራተኛ ረድፍ አይቼዎታለሁ፣ አባባ ክሊም። በመጨረሻ ተገዙ አይደል?»

«ተገዛሁ።»

«በስንት?»

ክሊም ሳቪች የቀሉትን መዳፎቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ለአንተ አልነግርህም» አለው፤ «ታረክሰዋለህ።»