አስር ገብቶ መቶ የተገኘበት ደብተር

የያዙን ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነው፤ ደሴ፣ በደርግ ጊዜ። መምህሩ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ኮምቦልቻ ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ቀኙን ጨርሼለት ወደ ግራው ዞሬያለሁ። ታጣቂዎች ሦስት ሆነው ገቡ። አንዱ ከመምህሩ ጉልበት ላይ ደብተር አንሥቶ ገለጠ። ቁጥር ብቻ ነው። "ተነሡ" አሉን፣ እሱንም እኔንም። መቀሱን ከእጄ ማን እንደወሰደው አላስታውስም።

የገባንበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። ስልሳ ሰው ነን። በጎን እንጂ በጀርባ አይተኛም፤ አንዱ ሲገላበጥ መደዳው አብሮ ይገላበጣል። አንድ የኩታበር ገበሬ፣ ሽማግሌ፣ የመምህሩን ራስ አዩና "ልጄ፣ ግራውን ለማን ተውከው?" አሉት። ሰው ሳቀ። እዚያ ቤት ሳቅ ሲገኝ አይባክንም።

በማግስቱ መምህሩን ወስደው መለሱት። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። እኔ ከቁርኣን ቤት ወዲያ ትምህርት የለኝም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ።

"ደብተሩ ላይ ያለው ምንድን ነው?" አልኩት።

"ብርሃን ነው ጋሼ። ልክ እንደ ሱቅዎ ሁለት መስታወት ፊት ለፊት ይቆማል። ብርሃኑ ይገባል፣ መሀላቸው ይመላለሳል፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ይሾልካል። መሣሪያው ስለሌለኝ በወረቀት ላይ ነው የማመላልሰው። በየዙሩ ጉልበቱ ስንት እንደደረሰ እለካለሁ።"

"ታዲያ ይኼ ሰው ያሳስራል?"

"በየዙሩ አስር አስገብቼ ውስጡን ስለካው መቶ ሆነ። መርማሪው 'ዘጠናው ከየት መጣ?' አለኝ። በስውር የመለመልኳቸው ሰዎች ቁጥር ነው አለ።"

እውነቱን ልናገር፣ እኔም አላመንኩትም። "ወላሂ፣ ከየት መጣ?" አልኩት።

ከሽማግሌው ቆሎ ለመነና ነጠላ ጫማዎቼን ፊት ለፊት አቆመ፤ መስታወት መሆናቸው ነው። አስር ፍሬ አስገባ። አንዷን አወጣ፤ ዘጠኝ ቀረ። እንደገና አስር ጨመረ፤ አሥራ ዘጠኝ። ሁልጊዜ አስር ይገባል፤ ከውስጡ ደግሞ ከአስር አንዱ ይወጣል። ቆጣሪው እኔ ነኝ። ውስጡ እየበዛ፣ እየበዛ ሄደና መቶ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አስር ሲገባ አስር ይወጣል፣ መቶው ግን አይነቃነቅም። መሀል ላይ ሽማግሌው አንዷን አንሥተው ቆረጠሟት።

"አባባ! ያቺስ?"

"መስታወቱ በላት።"

መምህሩ በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሳቀ። "ትክክል ነው፤ መስታወትም ይበላል። እሱም መቆጠር አለበት።" ወደ እኔ ዞረ። "ደጅ ቆሞ የለካ፣ የገባውና የወጣው እኩል ሆኖ ያገኘዋል፤ ውስጡ ባዶ ይመስለዋል። ውስጥ ገብቶ የለካ መቶ ያገኛል፤ ውሸት ይመስለዋል። የሁለቱም ልኬት ልክ ነው። የት ቆሞ እንደተለካ ነው መጠየቅ። ዘጠናው አዲስ አይደለም ጋሼ፣ ካለፈው ዙር ሳይወጣ የቀረ ነው።"

በነጋታው ጠዋት እኔ ተጠራሁ። ቃሌ ተጽፎ ጠበቀኝ። ጸሐፊው አነበበልኝ፤ መምህሩ በሱቄ ዘጠና ሰው ሲመለምል አይቻለሁ ይላል። አጠገቡ የቀለም ሳጥን ተከፍቷል።

"ጣትህን አድርግና ዛሬውኑ ልጆችህ ዘንድ ግባ" አለ መርማሪው።

"ጓድ፣ እኔ..."

"ማነው ጓድህ!" በእርሳሱ ጠረጴዛውን መታ። "መስታወት የምታውቅ ሰው ነህ። አስር ገብቶ መቶ የሚሆን ነገር አይተህ ታውቃለህ?"

ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ትንሿ ገና አልተራመደችም። አላየሁም ብል ለመፈታት በቂ ነበር።

"አይቻለሁ ጌታዬ።"

"የት?"

"እኛ ክፍል። ትናንት አምስት ሰው አስገባችሁ፣ አምስት አስወጣችሁ። ከትናንት ወዲያም እንደዚሁ። በሩ ላይ የሚቆጥረው ዘበኛ ከአምስት በላይ አያይም። ውስጥ ግን ስልሳ ነን። እዚያ አልተወለድንም፤ ሳንወጣ የቀረን ነን።"

ጸሐፊው እጁን አቆመ። መርማሪው ደብተሩን ገልጦ ቁጥሮቹን በእርሳሱ ጫፍ ተከተለ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ወላሂ ገብቶታል። ሲገባው ነው የከፋው። ደብተሩን ዘጋና "ማን አስጠናህ?" አለ።

ከዚያ እስከ ቀትር የሆነውን አልናገርም። ሲጨርሱ ያንኑ ወረቀት አመጡ። "የተናገርኩት ይጻፍና ይነበብልኝ፤ እሱ ላይ ጣቴን አደርጋለሁ" አልኩ። ቁጭ ብዬ ነበር ያልኩት፤ መቆም አልችልም። መርማሪው ደክሞት ይሁን ንቆኝ፣ "ጻፍለት" ብሎ ወጣ። ጸሐፊው ጻፈና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበልኝ። አንድ ቦታ "ስልሳ ነን" የሚለውን ዘልሎት ነበር፤ አስጨመርኩት። ከዚያ ፈረምኩ።

ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ መምህሩ እግሮቼን ጭኑ ላይ አድርጎ ውሃ አፈሰሰልኝ። "ምን አሉዎት?"

"ስንት ናችሁ አሉኝ። ቆጠርኩላቸው።"

"አብሽር ጋሼ፣ አይዞዎት" አለኝ።

በአራተኛው ቀን መምህሩ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተባለ። የሐረጎ ቁልቁለትን ወርደው ወደ ኮምቦልቻ ወሰዱት አሉ። አልተመለሰም። ያን ቀን በሩ ላይ አምስት ወጣ ተብሎ ተቆጥሯል።

ስፈታ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ፣ እናቱ ዘንድ። መደብ ላይ አስቀመጡኝና ገና ውሃ ሳልቀምስ ጠየቁኝ፦ "ስለ ልጄ ምን ቃል ሰጠህ?" ነገርኳቸው። "ድገምልኝ" አሉኝ። ደገምኩላቸው።

ቃሌ ልጃቸውን አላዳነም፤ ይህን ዛሬም አውቃለሁ። ሌላ ቃል ሰጥቼ ብፈታ ግን ያን መደብ አልቀመጥበትም ነበር። እንግዲህ አርጅቻለሁ፣ ብዙ ነገር ከራሴ ወጥቷል። ያን ቃል ግን ዛሬም ቢጠይቁኝ ሳላጎድል እናገረዋለሁ።