ተቆጣጣሪው በአውራ ጣቱ የፈረመ ዕለት

ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ጥፍሬን ያለ መነጽር እቆርጣለሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ልጆቼ «እኛ ዘንድ ይምጡ» እያሉ ይጨቀጭቁኛል... አልሄድም። ይህንንም በአንድ ጣት እየወጋሁ ራሴ ነኝ የምጽፈው። ስልክ ደግ ነው፣ ፊደሉን ደርድሮ ያቀርባል፣ የእኔ ሥራ መልቀም ብቻ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቡሬ፣ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ሳስተምር አንድ ካኪ የለበሰ ሰው ደብተር ይዞ ገባና የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከአውራጃ የመጣ ተቆጣጣሪ ነው፣ ጓድ ምትኩ ይባላል። ክው አልኩ።

እኔ እንግዲህ የመምህር ዘር አይደለሁም። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አስራ ዘጠኝ ዓመት ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ሕመምተኛ አገላብጣለሁ። በመጨረሻ ወገቤ እምቢ አለ። አለቃዬ «ሰው ማንሳቱ ይቅርብህ፣ የምታውቀውን ለሌላው አስተምር» ብሎ ቡሬ ላከኝ። ከየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡ አስራ አራት ሰዎች ለየቀበሌያቸው የጤና ወኪል እንዲሆኑ ማሠልጠን ነው ሥራዬ።

ችግሩ... ዳዊት እደግማለሁ እንጂ መጻፍ አይሆንልኝም። ቄስ ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ማንበብ ነው፣ መጻፍ ሌላ ሙያ ነው። ሆስፒታል ካርድ የሚጽፉት ሲስተሮቹ ነበሩ።

የአልጋው ልማድም አልለቀቀኝም። ጠዋት ስገባ ሰላምታ ትቼ ግንባር እዳስሳለሁ። «ማታ እንቅልፍ ወሰደህ? ሽንትህስ?» ስማቸው አልያዝልህ ሲለኝ በአቀማመጣቸው ቁጥር ሰጠኋቸው። «አልጋ ስድስት፣ ተነስና መልስ!» እነሱም «እሺ የኔታ» ይሉኛል።

ይህ ወሬ አውራጃ ደረሰ። ሰሌዳ ላይ የማይጽፍ መምህር ይነሳ ተባለ፣ ጓድ ምትኩም የመጣው ለዚሁ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው ቦታዬ ደግሞ በሌላ ሰው ተይዟል። ከቡሬ ከተነሳሁ መግቢያ የለኝም። መግቢያ ማጣቱስ ይሁን... «መጻፍ አቅቶት ተባረረ» መባሉን ግን እንዴት እችለዋለሁ?

«ጓድ መምህር፣ ይቀጥሉ» አለ ጓድ ምትኩ። «እስቲ የዛሬውን ርእስ ሰሌዳው ላይ ይጻፉልን።»

ጠመኔውን አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩ።

«የዛሬው ትምህርት ስብራት ነው ጓድ። ስብራት ሰሌዳ ላይ አይታሰርም፣ ሰው ላይ ነው። እርስዎ ብቅ ይበሉልኝ።»

«እኔ?»

«ለሰፊው ሕዝብ ነው!»

እንዲህ ተብሎ እምቢ ማለት በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? ወደ ፊት ወጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ከሠልጣኞቹ መካከል አያ ደምለውን ጠራሁት። ዕድሜውን ሙሉ በሬ ሲጠምድ የኖረ ገበሬ ነው።

«የኔታ፣ የትኛውን እጅ ልሰር?»

«ቀኙን» አልኩ።

አያ ደምለው ለስብራት ማሰሪያ የሰነጠቅነውን ቀርከሃ ከላይና ከታች አድርጎ፣ ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ ሞፈር እንደሚጠፍር ጠፈረው። የሰውየው እጅ አንድ ግንድ ሆነ።

«በጣም ጥሩ፣ አይቻለሁ። በሉ ፍቱኝ» አለ ጓድ ምትኩ።

አያ ደምለው እጁን አጣጥፎ ቆመ። «አይፈታም።»

«እንዴት አይፈታም? እጄ ደህና ነው እኮ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚል» አለች የሺ፣ ብቸኛዋ ሴት ሠልጣኝ። «የታሰረ ስብራት ሐኪም ሳያየው አይፈታም። ሕመምተኛው ቢለምንም፣ ቢሳደብም አይፈታም። የኔታ ናቸው ያስተማሩን።»

እውነቷን ነው። መንገድ ላይ እየፈቱት ጠሞ የቀረ ስንት እጅ አይቻለሁ፣ ይህንን ሳልነግራቸው የዋልኩበት ቀን አልነበረም።

«ጓድ መምህር፣ ይንገሯቸው እንጂ!»

መናገር ነበረብኝ። ግን ፊታቸውን አየሁት... አስራ አራቱም ትምህርቴን ይዘው እንደ ግድግዳ ቆመዋል። እኔ ላፍርሰው?

«እኔ ድሬሰር ነኝ ጓድ» አልኩት። «ሐኪም ያለው ፍኖተ ሰላም ነው።»

ውጭ እሱን ያመጣው ላንድሮቨር ጡሩምባ ይነፋል። ሪፖርቱ ደግሞ በዚያው ዕለት አውራጃ መድረስ አለበት። ቢቸግረው የሺን «እንግዲያውስ እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ» አላት። የሺ ፊደል የቆጠረችው ባለፈው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ነው። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ጀመረች።

«መምህሩ የትምህርት ዝግጅት የላቸውም፣ በሰሌዳ አይጠቀሙም፣ ሠልጣኞችን በአልጋ ቁጥር...»

«ኧረ ቀስ ይበሉ ጓድ! ገና ‹መምህሩ› ላይ ነኝ።»

እንደገና ጀመረ፣ እንደገና አስቆመችው። ጡሩምባው ቀጠለ። ጓድ ምትኩ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲመለከተው ቆየ። አገላበጠው፣ በግራ እጁ ቋጠሮውን ነካ ነካ አደረገው። ንቅንቅ አላለም። ሳቁ ሊያመልጠው ሲል መሰለኝ፣ በሳል ሸፈነው።

«በይ ሰርዢው። ‹መምህሩ ያስተማሩት ተይዟል፣ ይቀጥሉ› በይ።»

ይህችን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ፊርማ ሲባል ደግሞ የግራ እጁ እምቢ አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቀለም አመጣ... ያ የተማረ ሰው፣ ግድግዳው ላይ «መሃይምነትን እናጥፋ» ከተባለው ጽሑፍ ሥር ቆሞ፣ በግራ አውራ ጣቱ ፈረመ።

እኔም ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ።

አሁን ታዲያ ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝ፣ ልጆቼም እንዳይከፍሉልኝ እዚሁ አስታውቃለሁ። ጓድ ምትኩ ጡረታውን ይዞ ማንኩሳ ከተማ ተቀምጧል አሉ፣ ሄጄ «ቀኙን ያልኩት አውቄ ነው» እለዋለሁ። ለየሺ ያን ቀን ኮርቼ የነፈግኳትን «ጎበዝ» አደርስላታለሁ። ደግሞ አንድ የጅጋ ሽማግሌ አለ፣ ሆስፒታሉን የለቀቅሁ ዕለት «ቁስልዎን ነገ ጠዋት አጥብልዎታለሁ» ብዬው አድሬ ቡሬ የተገኘሁበት... እሱ ካረፈ ቆየ፣ እዚያው እሱ ዘንድ ስደርስ ራሴ አጥብለታለሁ።