ካፖርቴን የለበሰው ሰው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በዚያ አባባል ከሆነ፣ በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ እኔን የሚመነጥር አይገኝም ነበር።

ሦስት ሞተር ሳይክል ነበረኝ። ጣሊያኑ ከአጎቴ የወረስሁት፣ እንደ በሬ የከበደ፣ ካልለመኑት የማይነሣ ሽማግሌ ነው። ቼኩ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ካልደባለቁለት አይሠራም፤ ጭሱ ሰፈሩን ያስነጥሳል፣ ግን ቀላል ነው። ጃፓኑ ገና ሲነኩት ይነሣል፤ ወደ ፋብሪካው የምሄደው በእሱ ነበር። እሑድ እሑድ ሦስቱንም አውጥቼ ካንዴላቸውን ስወለውል፣ ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የቱ ከየቱ እንደሚሻል ትጠይቀኛለች። እኔም ማን ሊያስቆመኝ፤ ማርሽ አገባቡን ሳይቀር አስረዳታለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የቼኩ ሰንሰለት ውስጥ የደንገል ስንጣሪ አገኘሁ። ደንገል ሐይቁ ዳር እንጂ እኛ ግቢ አይበቅልም፤ ቼኩን ደግሞ ካወጣሁት ሰንብቻለሁ። በማግስቱ ከጎማው ሥር የክብሪት እንጨት አድርጌ ሄድሁ። ስመለስ ተሰብሮ ጠበቀኝ። ሞተሮቹ የሚያድሩበት የመጋዘኑ ቁልፍ ግን አልተነካም።

ያኔ በየግድግዳው መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት ተለጥፎ ያድራል፣ ሲነጋ የለጠፈው ሰው ይታደናል። በእኔ ሞተር ወረቀት የሚበትን ሰው ቢታይ የሚጠየቀው ባለሞተሩ ነው፤ ለጥያቄ ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ አላውቅም። የቀበሌውን ጥበቃ ጠረጠርሁ፣ ጎረቤቴን ጠረጠርሁ። ቁልፉ ያለው በእኔና በባለቤቴ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሷንም ለማን ትሰጠው ይሆን ብዬ ጠረጠርሁ።

ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ አዛውንት ናቸው። በዚህ ሰሞን ሞተር የሚነዳ ሰው አይተው እንደሆነ ዘወር አድርጌ ጠየቅኋቸው።

«ካንተ ሌላ ማን አለና?» አሉኝ። «ትናንት ረፋድ ላይ በሐይቁ ዳር ስታልፍ ሰላም ብልህ ዘጋኸኝ። በካፖርትህ ነው ያወቅሁህ። ተቀይሜሃለሁ።»

ትናንት ረፋድ ላይ እኔ ፋብሪካ ነበርሁ። ካፖርቴን ቤት ትቼው ነበር የሄድሁት። ሞተሬን ብቻ ሳይሆን እኔኑ ለብሶ የሚዞር ሰው አለ ማለት ነው።

በነጋታው ሆዴን አመመኝ ብዬ አስፈቅጄ ከፋብሪካው ወጣሁና ሐይቁ ዳር ከሾላ ዛፍ ጀርባ ተደብቄ ጠበቅሁ። ቼኩ እየተንገዳገደ መጣ። ላዩ ላይ ካፖርቴን የለበሰ፣ ቆቤን ያጠለቀ፣ ፊቱን በሻሽ የጠመጠመ ሰው አለ። ዘልዬ መንገዱ ላይ ቆምሁ። ሰውየው ደንግጦ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ጠፋና ወደ ጎን አዘነበለ። ደርሼ ሻሹን ብገፈው ባለቤቴ ናት።

ለማን ነው የምትላላኪው ብዬ ጮኽሁባት።

«ለማንም አልላላክ። ሲወስዱህ እስር ቤት ስንቅ ላመላልስበት ነው» አለችኝ።

ቢቸግረኝ፣ ለመማሩስ ጃፓኑ አይቀልሽም ነበር ወይ አልኋት።

«ጣሊያኑን አልችለውም። ጃፓኑ ደግሞ ከፋብሪካው በር ሲይዙህ አብሮህ ይሄዳል። ለእኔ የሚተርፈኝ ይሄ ነው።»

ይህን ሁሉ ብቻዋን ስታስብ መክረሟ አንጀቴን በላው። እንዳይወስዱኝ ልምልላት አልቻልሁም። የፍሪሲዮኑ እጀታ ከጣቶቿ ርቆ ስላየሁት ከኪሴ ፒንሳ አውጥቼ እንዲቀርብላት እጀታውን የሚስበውን ካቦ አላላሁላትና፣ በይ እንደገና አስነሥተሽ ንጂው አልኋት።