እማዬ ጃፓኖቹን ልታስታርቅ ስትሞክር

ዛሬ መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን ባለ ሲኒማ ቤት ውስጥ እማዬ ስክሪኑ ላይ ጮኸች። «አንቺ ታላቅ እህቱ አይደለሽም እንዴ? ጥሪው እንጂ!»

ፊልሙ የጃፓን ነው። ቶኪዮ የሚኖሩ እህትና ወንድም ተኳርፈዋል። ያደጉበት ቤት ፈርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። ሁለቱም ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩት መጥተው፣ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ቆመው ተያዩ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና በየፊናቸው ሄዱ። በቃ፣ አለቀ።

እማዬ በገነች። «ሽማግሌ የሚባል የላቸውም? ታላቅ ነው ሆደ ሰፊ መሆን ያለበት!»

ከፊታችን ያሉት ዞረው አዩን። ፖፕኮርኑ ውስጥ ልደበቅ ምንም አልቀረኝም።

ለማታውቋት፣ እዚህ ውጭ አገር በምንኖርበት ቴምፕል ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ የምትጠራው እማዬ ናት። ሳታስታርቅ አትመለስም።

ታናሽ ወንድሟ ጋሼ ታደሰ ግን ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በኮክረን ነው ያሉት። የአገሩ የነዳጅ ሥራ ሲጦፍ እዚያ ቤት ገዙ። እማዬ «ለቤት ምርቃቱ አልጠራኝም» ብላ እንዳኮረፈች አለች። ከተማው በየሳምንቱ ፎቅ ያበቅላል፤ የእኛ ቤት ኩርፊያ ግን ንቅንቅ አይልም! እኔ መሀል ሆኜ የሁለቱን ሰላምታ ማመላለስ ሰልችቶኛል።

መኪና ውስጥ ስንገባ ስልኬን ሰጠኋት። «በይ፣ ታላቅ አይደለሽ? ጋሼ ታደሰን ኮል አድርጊያቸው።»

ቀበቶዋን አሰረች። «እሱ ታናሽ አይደል? እሱ ይደውላ!»

«ጃፓናዊቷስ?»

«እሷማ ጥፋተኛ ናት።»

ቴምፕል እስክንደርስ የዚያችን ሴትዮ ግትርነት ስታማ መጣች።

እናንተ ቤትስ መጀመሪያ እንዲደውል የሚጠበቀው ማን ነው? ጻፉልኝ። እማዬ ታስታርቃችኋለች።